ዓይኑ ጥርት ብሏል ወይ? በቅርብ የተነሳ የወፍ ፎቶ የምመዝንበት መንገድ

የምኖረው ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ እንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው። ከጓሮዬ አጥር ማዶ ራስ ክምር በብዛት ይበቅላል። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ያ ብርቱካናማ አበባ ግንዱን ክብ ክብ እያደረገ፣ ፎቅ በፎቅ ይፈካል። ያኔ ወለላውን ፍለጋ ቀጭንና ቆልመም ያለ ምንቃር ያላቸው ትንንሽ ወፎች ይመጣሉ። ከመካከላቸው በወንዛችን በተከዜ ስም የተጠራ አለ፤ የወፍ አጥኚዎች ታካዜ ሰንበርድ ይሉታል። ወንዱን ከሩቅ ስታዩት ጥቁር ነው። ፀሐይ በልኩ ስታገኘው ግን ሰውነቱ ወይን ጠጅ ሆኖ ያበራል።

የመጀመሪያው የቅርብ ፎቶዬ የእሱ ነው። ያገለገለ ካሜራ ነበረኝ፤ ሌንሱ እስከ 300 ሚሊ ሜትር ይስባል። አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። ሦስት ሜትር ገደማ ላይ መጥቶ አበባው ላይ አረፈ። ትንፋሼን ይዤ አነሳሁት። በካሜራው ትንሽ ስክሪን ሳየው ወፉ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ደስታዬን አልቻልኩትም። ለዘመድ ለጓደኛ ላክሁት። ሁሉም "ያምራል!" አሉኝ።

ከሳምንት በኋላ ላፕቶፕ ላይ ከፍቼ በሙሉ መጠኑ አየሁት። ምንቃሩ ጫፍ ላይ የተጣበቀችው ቢጫ የአበባ ብናኝ ትቆጠራለች። ዓይኑ ግን ጭጋግ ውስጥ ነው። ያን ቀን በጣም አዘንኩ። ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ፎቶ መመዘን የተማርኩት።

ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሌንሱ በረዘመ፣ ወፉም በቀረበ ቁጥር ጥርት ብሎ የሚወጣው ቦታ እየጠበበ ይሄዳል። በ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የሌንሱን ቀዳዳ) ኤፍ 5.6 አድርጋችሁ ከሦስት ሜትር ብታነሱ፣ ከፊት እስከ ኋላ ጥርት የሚለው 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የዚያ ወፍ ምንቃር ብቻውን ከዚያ ይረዝማል። ፊት ለፊት ከዞረባችሁ ወይ የምንቃሩን ጫፍ ወይ ዓይኑን ነው የምታገኙት። ካሜራው እንዲመርጥ ከተተወ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ቅርቡን ነው። ስለዚህ የፎከስ ነጥቡን አንድ ብቻ አድርጌ ዓይኑ ላይ ማሳረፍ ጀመርኩ። ወይም ወፉ በጎን እስኪዞር እጠብቃለሁ። በጎን ሲሆን ዓይኑም፣ ምንቃሩም፣ የደረቱ ላባም ከእኔ እኩል ርቀት ላይ ይሆናሉ። አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 8 ማጥበብም ይረዳል፤ ብርሃን ካለ ማለቴ ነው።

አሁን የማንንም የወፍ ፎቶ ስከፍት በመጀመሪያ የማየው ዓይኑን ነው። የክንፉ ጫፍ ቢደበዝዝ ችግር የለም። ጅራቱ ቢጠፋም ግድ የለኝም። ዓይኑ ከደበዘዘ ግን ፎቶው አልቆለታል። ይሄን ስል ጨካኝ ነሽ የሚሉኝ አሉ። ግን እናንተው ሞክሩት። ዓይኑን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ፎቶውን እዩት፤ የቀረው ላባ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ዓይኑ ውስጥ ያለችውን የብርሃን ነጥብ እፈልጋለሁ። የሰማዩ ወይም የፀሐይዋ ነጸብራቅ ናት፤ እንደ መርፌ ጫፍ ታንሳለች። እሷ ከሌለች ወፉ ሕይወት ያለው አይመስልም። ጥቁር ዶቃ የተሰፋበት አሻንጉሊት ይሆናል። ፊቱም ዓይኑም ጥቁር በሆነ ወፍ ላይ ደግሞ ያቺ ነጥብ ከሌለች ዓይኑ የት እንዳለ እንኳ አይታወቅም። ነጥቧን ለማግኘት ፀሐይን ከጀርባዬ አድርጌ እቆማለሁ። ከዚያ የወፉን ጭንቅላት እጠብቃለሁ። ትንሽ ወደ እኔ መለስ ሲል ብልጭ ትላለች። ትንሽ ወደዚያ ዞር ካለ ትጠፋለች። ልዩነቱ የጣት ውፍረት አይሆንም። አንዳንዶች በኮምፒውተር ነጭ ነጥብ ይጨምሩበታል። እኔ እንዲህ ያለውን አልቀበልም፤ ወፉ ያላየውን ብርሃን ዓይኑ ውስጥ መትከል ነው።

ላባን ማየት ያስተማረኝ ፎቶ አንሺ አይደለም። ጎረቤቴ ሸማኔ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባውን ተሻግሯል፤ አሁንም ጉድጓዳቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ይሠራሉ። አንድ ቀን ስልኬን ይዤ ሄድኩና "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ" አልኳቸው። ሌላ የሰንበርድ ፎቶ ነበር። ጠዋት በደመና ስላነሳሁት አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር፤ እኔ ደግሞ ያንን ለማጥፋት በኮምፒውተር ብዙ ደክሜበታለሁ። መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ አድርገው አዩት። ከዚያ ጣታቸውን የወፉ ደረት ላይ አደረጉ።

"ልጄ፣ ይሄ ቅብ ነው እንዴ?"

"ኧረ ፎቶ ነው ጋሼ።"

"ታዲያ ድርና ማጉ የት ሄደ?"

ዝም አልኩ። ልክ ነበሩ። አሸዋውን ለማጥፋት ስል ላባውንም አብሬ አጥፍቼዋለሁ። ደረቱ በቅቤ የታሸ ይመስላል። የጠፋውን ለመመለስ ደግሞ በኮምፒውተር የፎቶውን ጥርት ማለት ከልክ በላይ ስለገፋሁት በወፉ ዙሪያ ቀጭን ነጭ ጠርዝ ወጥቷል፤ በመቀስ ተቆርጦ የተለጠፈ ነው የሚመስለው። ቤቴ ተመልሼ ዋናውን ፋይል ከፈትኩ። አሸዋው እንዳለ፣ ላባው ግን እያንዳንዱ ከጎኑ ካለው ተለይቶ ይታያል። ከዚያ ወዲህ አሸዋ ያለበትን ፎቶ ከለሰለሰው አስበልጣለሁ። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ወደ 3200 ከፍ አድርጎ የተነሳ ፎቶ አሸዋ ቢኖረው አያሳፍርም፤ ብርሃን አልነበረም ማለት ነው። ላባ የሌለው ወፍ ግን ወፍ አይደለም።

እንግዲህ እናንተም ስትመዝኑ ሁለት ቦታ እዩ። የደረቱን ላባ እዩ፤ ክሩ ይለያል ወይስ ተጣብቋል? ቀጥላችሁ የወፉን ጠርዝ ከጀርባው ጋር የሚገናኝበትን እዩ፤ ነጭ መስመር ካለ ፎቶው ከልክ በላይ ተነካክቷል። ይህን የምታዩት በሙሉ መጠኑ ስትከፍቱት ብቻ ነው። ስልክ ስክሪን ላይ ሁሉም ፎቶ ያምራል።

ስለ መደብዘዝ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው "ፎከሱ ሳተ" ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ውስጥ አንዲት ትንሽ ወፍ በተከታታይ አነሳሁ፤ ቤት ስገባ ከግማሽ በላዩ ብዥ ብሏል። አንዱን ስከፍት ከወፏ ኋላ ያለው የቅርንጫፉ ሽበት ጥርት ብሏል። ይሄ እውነትም ፎከሱ ኋላ ሄዶ ነው። ሌላውን ስከፍት ሁሉም ነገር፣ ቅርንጫፉም ወፏም፣ በአንድ አቅጣጫ ተጎትቷል። ይሄ የእኔ እጅ ነው። ሦስተኛው ላይ እግሯና ቅርንጫፉ ጥርት ብለዋል፤ ጭንቅላቷ ብቻ ጠፍቷል። ይሄ ደግሞ እሷ ጭንቅላቷን ስታዞር ነው። መድኃኒታቸው ይለያያል። ለመጀመሪያው የፎከስ ነጥቡን ማስተካከል ነው። ለእጅ መንቀጥቀጥ ክርን ጉልበት ላይ ማሳረፍ፣ ወይም ዛፍ መደገፍ። ለሦስተኛው የካሜራው መዝጊያ (ሸተር) ፍጥነት ብቻ ነው የሚያዋጣው። ለተቀመጠች ትንሽ ወፍ እንኳ ከ1/1000 ሴኮንድ ባትወርዱ ይሻላል። ለክንፍ 1/2000 እና ከዚያ በላይ። ለምን እንደደበዘዘ ሳታውቁ ፎቶውን ከሰረዛችሁ በሚቀጥለው ቀንም ያው ነው የሚገጥማችሁ።

ወደ ብርሃን ልመለስ። እንጦጦ ማርያም አካባቢ የሚያዘወትረውን ትልቁን ቁራ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ምንቃሩ ወፍራም ነው፤ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ከአፍሪካ ቀንድ ውጪ የለም። እኛ ስለለመድነው አናየውም እንጂ፣ የውጭ ሰው እሱን ለማየት ብሎ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። የፎቶ አንሺን ችሎታ እንደ እሱ የሚፈትን ወፍ አላጋጠመኝም። እንደ ከሰል ጥቁር ላባ አለው፣ እንደ ጥጥ ነጭ ማጅራት አለው። ካሜራው ሁሉንም ነገር ወደ መካከለኛ ግራጫ መሳብ ነው የሚያውቀው። ቁራው ፍሬሙን ከሞላው ካሜራው "ጨለመ" ብሎ ብርሃን ይጨምራል፤ ያኔ ማጅራቱ ይቃጠላል፣ ባዶ ወረቀት ይሆናል። ቁራው በሰማይ ላይ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው "በዛ" ብሎ ይቀንሳል፤ ያኔ ቁራው ሰማዩ ላይ የተቀደደ ቀዳዳ ይመስላል።

ስለዚህ ጥቁሩ ፍሬሙን ሲሞላው ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ያህል ቀነስ አደርጋለሁ። ሰማይ ላይ ሲሆን አንድ ደረጃ እጨምራለሁ። ከዚያ ሂስቶግራሙን አያለሁ፤ ከጥቁር በግራ እስከ ነጭ በቀኝ ብርሃኑ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳይ የካሜራው ግራፍ ነው። ግራፉ በቀኝ በኩል ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ከቆመ ነጩ ተቃጥሏል፤ የተቃጠለ ነጭ በምንም አይመለስም። የጨለመ ጥቁር ግን በተለይ በሮው (ካሜራው ባልጨመቀው ጥሬ ፋይል) ካነሳችሁ ትንሽ ይነሳል። ፎቶውን ስትመዝኑም ጥያቄው ይሄው ነው። በነጩ ውስጥ ላባ ይታያል? በጥቁሩ ውስጥስ? ከቁራው ፎቶዎቼ ሁለቱንም የሚያሳይ ያለኝ አንድ ብቻ ነው። ስስ ደመና በነበረበት ጠዋት ያነሳሁት ነው።

ፀሐይዋ እኛ ዘንድ ቶሎ ከፍ ትላለች። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ድረስ ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ግን ከአናት ላይ ትመታለች፤ ግንባሩ ያበራል፣ ዓይኑ ጥላ ውስጥ ይገባል። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ደግሞ ለስላሳው ብርሃን ይመለሳል። ለጥላ የሚሰጠው ሰበብ "ፀሐይ ነበረ" የሚል ነው። ፀሐይ መኖሩ ጥላው ከየት እንደመጣ ይናገራል እንጂ ፎቶውን ጥሩ አያደርገውም።

ቀለም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። የሰንበርዱ ወይን ጠጅ እንደ ቀለም የተቀባ አይደለም። ከላባው ጥቃቅን አሠራር ላይ ብርሃን ሲነጥር የሚፈጠር ነው። ለዚህ ነው ትንሽ ዞር ሲል ጥቁር የሚሆነው። ኮምፒውተር ላይ ቀለሙን ገፋ ገፋ ስታደርጉት አበባውም፣ ቅጠሉም፣ ወፉም አብረው ይጮኻሉ። የሰው ፎቶ ላይ ቀለሙ ተጋኗል ወይ ብዬ ስጠራጠር ወፉን አላይም። ቅርንጫፉን፣ ቅጠሉን፣ አፈሩን አያለሁ። የባሕር ዛፍ ቅርፊት ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። እሱ ብርቱካን ከሆነ የወፉም ቀለም እውነት አይደለም።

ጀርባው ደግሞ በእኛ ሰፈር ትልቅ ፈተና ነው። ባሕር ዛፍ አለ፣ የሽቦ አጥር አለ፣ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ አለ። የሚያምር ወፍ አንስቼ ቤት ስገባ ከጭንቅላቱ ላይ ቀጥ ያለ ግንድ በቅሎ አገኛለሁ። ወይም ከጀርባው ያለው ቆርቆሮ ነጭ ሆኖ ዓይንን ሁሉ ይስባል። የሚገርመው አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብል ይጠፋ ነበር። ዝቅ ብሎ ከወፉ ዓይን እኩል መሆንም ብዙ ይለውጣል፤ ጀርባው ከወፉ ይርቅና ይለሰልሳል። ስመዝን ፎቶውን መጀመሪያ የክብሪት ሳጥን አሳክዬ አየዋለሁ። በዚያ መጠን የወፉ ቅርጽ ወዲያው ካልታየኝ ጀርባው ውጦታል ማለት ነው።

አሁን የሚያቃጥለኝን ልንገራችሁ። የሰፈራችን ዕድር ለአዲስ ዓመት የግድግዳ ካላንደር ሲያሳትም ከእኔ የወፍ ፎቶ ጠየቁ። በደስታ በቴሌግራም ላክሁላቸው። ታትሞ ሲመጣ ወፉ ብዥ ብሏል፣ ጠርዙ እንደ መሰላል ተሸራርፏል። ማተሚያ ቤቱን ልወቅስ ነበር፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የላካችሁትን ይጨምቀዋል። የደረሳቸው ፎቶ ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል ነበር። ያንን በኤ4 ወረቀት ርዝመት ሲዘረጉት በአንድ ኢንች 110 ገደማ ፒክስል ብቻ ይደርሰዋል። ለጥሩ ኅትመት 300 ያስፈልጋል፤ ማለትም 3508 በ2480። እንደ ፋይል ብልከው ኖሮ ሳይነካ ይደርሳቸው ነበር። የዕድሩ ሰዎች ቅር አላላቸውም። እኔ ግን ያ ካላንደር በየቤቱ ተሰቅሎ ዓመቱን ሙሉ ሳየው ከረምኩ።

መከርከምም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ካሜራዬ 24 ሜጋ ፒክስል ነው፤ 6000 በ4000። ወፉ ሩቅ ሆኖ ከዚያ ውስጥ 1200 በ800 ብቻ ቢይዝና እሱን ቆርጬ ባወጣው፣ የቀረኝ አንድ ሜጋ ፒክስል አይሞላም። ስልክ ላይ ቅርብ ይመስላል። ወረቀት ላይ ግን ያጋልጣል። "የቅርብ ፎቶ ነው" የሚለኝ ሰው ሲመጣ ከመመዘኔ በፊት ስንት ፒክስል እንደቀረ እጠይቃለሁ። ሌላው ልማዴ ያነሳሁ ዕለት አለመመዘን ነው። የዚያን ቀን ድካሙም ደስታውም አብሮኝ ስላለ ሁሉም ያምረኛል። በማግስቱ ከ200 ውስጥ አራት ከቀሩኝ ጥሩ ቀን ነበር።

የመጨረሻው ነገር ለእኔ ከባዱ ነው፤ ስለ ጥርት ማለትም አይደለም። ባለፈው ዓመት በአምቦ መንገድ ገፈርሳ ግድብ ሄድኩ። ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ ከሚሰጡት ግድቦች አንዱ ስለሆነ ጥበቃ አለው። ጥበቃውን አስፈቅጄ ነው የገባሁት። የሄድኩት ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይ ፍለጋ ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ የትም አይገኝም። ሁለት ሆነው ሣር ይግጣሉ። በሆዴ እየተሳብኩ ስምንት ሜትር ያህል ደረስኩ። አንዱ ፍሬሙን ሞላው። ዓይኑ ጥርት ብሏል፣ ነጥቧ አለች፣ ላባው ይቆጠራል፣ ጀርባው አረንጓዴ ነው። ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ተሟልቷል። ቀደም ብዬ ከ25 ሜትር ያነሳሁት ሌላ ደግሞ አለ፤ ዝዩ ከፍሬሙ ሲሶውን ነው የያዘው።

ስመለስ ጥበቃው "እስቲ እንይ" አሉኝ። ሁለቱንም አሳየኋቸው። ቅርቡን ትንሽ አዩት።

"ይሄኛው ሊበር ነው" አሉኝ። "አንገቱን አየሽው? የኛ ዝይ እንዲህ አይቆምም።"

ወደ ሌላው አለፍኩ። እዚያ ላይ ዝዩ አንገቱን ወደ ኋላ ስቦ፣ ጭንቅላቱን ጀርባው ላይ አሳርፎ ቀስ እያለ ይራመዳል። እንዲህ መሄድ የዚህ ዝይ ልማዱ ነው፤ ቀድሜ አውቀው ነበር፤ በሌንስ እያየሁ ግን ረሳሁት። ቅርቡ ላይ አንገቱ እንደ ዱላ ተገትሯል። ፈርቷል። እኔን ነው የፈራው።

ከዚያ ወዲህ የወፉን አቋም ሳላይ ፎቶ አልመዝንም። ላባው ተጨማዷል ወይስ ዘና ብሏል? አንገቱ ተገትሯል? አፉን ከፍቶ የሚጮኸው በእኔ ላይ ነው? ጎጆ ላይ ያለችን ወፍ ከእነጭራሹ አላነሳም፤ ሰው ሲደጋገምባት ጫጩቶቿን ጥላ ልትሄድ ትችላለች።

በወሩ ገፈርሳ ተመለስኩ። አንዱን ፎቶ በኤ4 አሳትሜ ለጥበቃው ይዤላቸው ሄድኩ። ከ25 ሜትር የተነሳውን።